ከጭቃው ጉድጓድ እስከ እቶኑ

ቁልቁለቱን ሲጀምሩ የንፋሱ ቀኝ ጉልበት እንደገና ጠቅ አደረገው። የበቅሎዋን ልጓም ወደ ግራ እጁ አዛወረና በቀኙ ዱላውን ተደግፎ፣ እግሩን እንደ ሰው ዕቃ እየተጠነቀቀ አስቀደመው።

በቅሎዋ ላይ የተቀመጡት አሮጊት ከላይ ሆነው አዩት።

«ልጄ፣ ከሁለታችን አሮጊቷ እኔ የሆንኩ መስሎኝ ነበር» አሉት።

«እርስዎማ ተቀምጠዋል፣ እማማ።»

«መቀመጥም ሥራ ነው። የዚህችን አከርካሪ አንተ አታውቀውም።»

ከትናንት ጠዋት ጀምሮ ያወሩት ይህን ያህል ብቻ ነበር። ትናንት ከልጃቸው ቤት ሲያወጣቸው ልጅቷ፣ እሷ ራሷ ስድሳ አራት ዓመት የሞላት ሴት፣ እናቷን በሁለት ነጠላ ጠቅልላ፣ ስንቁን ኮርቻው ላይ አስራ፣ «ጋሼ፣ አደራ። እንደወሰድካቸው መልሳቸው» ብላው ነበር። እሱም እሺ ብሏል። በሥራው ያልተቀበለው አደራ የለም።

ንፋሱ የችሎት መልእክተኛ ነው። ደረቱ ላይ የተሰፋችው የመዳብ ምልክት ሠላሳ ዓመት ፀሐይና ዝናብ ስለተፈራረቀባት፣ የዳኛው ማኅተም የቱ እንደሆነ፣ ዝገቱ የቱ እንደሆነ አይለይም። ሠላሳ ዓመት መጥሪያ አድርሷል፤ ምስክር አምጥቷል፤ የተደበቀ ፈልጓል፤ ተከሳሹ ከሞተ ወር የሞላውን በር አንኳኩቶ፣ መጥሪያውን ይዞ ተመልሷል። ንፋሱ የሚለው ስም የወጣለት በወጣትነቱ ነው። ያኔ «እቶን ገባ» በሚሉት ጨዋታ የሚደርስበት አልነበረም። አሁን ስሙ ሳይለቀው ፍጥነቱ ለቆታል። ሲያነክስ እያዩ «ንፋሱ፣ ቀስ በል፣ አቧራ አታስነሳብን» የሚሉት የችሎቱ ጸሐፊዎች ቀልዱ አንድም ቀን አልሰለቻቸውም።

አሁን ከዳር እስከ ዳር ሁለት ቀን የሚያስኬደውን ይህን መንገድ ያስጀመረውም ያው ጨዋታ ነው።

በጡብ ሠሪዎቹ ሰፈር አንድ ሰፊ ሜዳ አለ። በየሳምንቱ የዕረፍት ቀን የከተማው ወጣት እዚያ ይሰበሰባል። አንዱ ጠፍጣፋ መምቻ ይዞ የጨርቅ ኳስ ይመታል፤ መትቶ ይሮጣል፤ ሌሎቹ ኳሷን አንሥተው፣ ሯጩ ዳር ያለው ድንጋይ ላይ ሳይደርስ ሊመቱት ይወረውራሉ። ድንጋዩን ከረገጠ ማንም አይነካውም። ድንጋዩን «እቶን» ይሉታል። እሳት የለው፣ ጭስ የለው፣ ለምን እቶን እንደተባለ የጠየቀም የለም።

በዚህ ዓመት የገዥው ግቢ ሜዳውን ለፈረሶች ጋጣ ፈለገው። ጡብ ሠሪዎቹ ጨዋታው የኛ ነው፣ ሜዳውም የኛ ነው ብለው ከሰሱ። ግቢው ደግሞ፣ ጨዋታውን ያቋቋመው የግቢው ግንብ ሲሠራ የነበረው ሻለቃ ነው፣ ለወታደር ማሠልጠኛ ብሎ ያቋቋመው ነው፣ ስለዚህ ጨዋታውም ሜዳውም የግቢው ነው አለ። ዳኛው አንድ ጆሯቸው የማይሰማ፣ በቀሪው ግን ብዙ የሚሰሙ ሽማግሌ ናቸው። ሁለቱንም ወገን ሰሙና «ሁላችሁም ሰው የነገራችሁን ነው የምትነግሩኝ። ያየ ሰው አምጡልኝ» አሉ። ግንቡ ከተሠራ ስድሳ አምስት ዓመት ሆኖታል። ተፈልጎ ተፈልጎ በሕይወት የተገኙት እኚህ አሮጊት ብቻ ሆኑ። ቀጠሮውም ለነገ ጠዋት ነው፤ ሦስተኛና የመጨረሻ ቀጠሮ።

መጥሪያውን ተቀብሎ ሲወጣ የግቢው አዛዥ በጓሮ በር አስጠራው። አዛዡ ከንፋሱ በሃያ ዓመት ያንሳል፤ ቢሆንም ንፋሱ እጅ ነሥቶ ቆመ።

«መንገዱ ሩቅ ነው አሉ» አለ አዛዡ።

«ሩቅ ነው፣ ጌታዬ።»

«ሴትዮዋም ደካማ ናቸው። በቅሎ ያነክሳል፤ ወንዝ ይሞላል፤ ሰው ይታመማል። በአንድ ቀን ብትዘገይ ማንም አይቆጣህም።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የውስጠኛው በር ጠባቂ በዚህ ወር ሥራውን ይለቃል። በሩ ጥላ አለው። ወንበርም አለው።»

ንፋሱ እሺም እንቢም ሳይል እንደገና እጅ ነሥቶ ሄደ። ወንበሩን ያውቀዋል። ትራስ ያለው፣ ክንድ ማሳረፊያ ያለው ወንበር ነው። ሲሄድም ሲመለስም በያንዳንዱ ዳገት ላይ ያንን ወንበር ሲያስብ ነበር።

ደግሞም ሻለቃው የንፋሱ አያት ነበሩ።

እኩለ ቀን ላይ የመንገደኞች ማረፊያው ደረሱ። አንድ የውሃ ጉድጓድ፣ የሸክላ ክዳን ያለው ረጅም ዳስ፣ ከግንድ የተጠረበ የከብት ገንዳ፣ ሌላ ነገር የለውም። አምስት ስድስት ጋሪዎች ተፈትተው ቆመዋል። ንፋሱ አሮጊቷን በብብታቸው ደግፎ አወረደና ጥላው ሥር አስቀመጣቸው፤ እሱም አጠገባቸው ተቀመጠ። ተቀመጠ ከማለት ወደቀ ማለት ይቀላል። ጉልበቱ አብጦ ሱሪው ጠቦታል። ዳቦና የተቀቀለ ባቄላ አውጥተው በሉ።

ከዚህ እስከ ከተማው የስድስት ሰዓት መንገድ ነው። አሁን ከተነሡ ሲመሽ ይደርሳሉ። እዚህ ካደሩ ነገ ለቀጠሮው አይደርሱም። ሌላ ስሌት የለውም።

ጋሪ ነጂዎቹ በልተው ሲጨርሱ ተነሡ። አንዱ ከጋሪው ላይ ሰባራ ጣውላ መዘዘ፤ ሌላው ገመድ የተጠመጠመበት የጨርቅ ኳስ ከጉያው አወጣ። ንፋሱ ሳያስበው ፈገግ አለ። ጣውላ የያዘው ጎረምሳ ኳሷን በደንብ አገኛትና ወደ ገንዳው ሮጠ። ኳሷ በጆሮው ሥር አልፋ ሄደች፤ እሱም እየሳቀ ገንዳውን በመዳፉ መታና «እቶን» ብሎ ጮኸ።

አሮጊቷ የያዙትን ዳቦ ጭናቸው ላይ አስቀመጡ። ፊታቸው እንደ ታመመ ሰው ገረጣ።

«ምን ሆኑ፣ እማማ?»

«ወደ ግድግዳው አዙረኝ» አሉ። «አዙረኝ፣ ልጄ። ላየው አልፈልግም።»

አዞራቸው።

«እስከ ዛሬ ይጫወቱታል ማለት ነው» አሉ።

«ለዚያ አይደል የተጠሩት? ሰው ሁሉ ይጫወተዋል። እኔም እጫወተው ነበር።»

«እኔ የተጠራሁት ስለ ሜዳው ነው ብላለች ልጄ። ስለ ጭቃ ጉድጓዱ መስሎኝ።» ነጠላቸውን አጥብቀው ተጠቀለሉ። «እሱ እንደቀረ ነበር የማስበው። ሰዎቹ ሲሞቱ አብሮ የሞተ መስሎኝ።»

ከዚያ ሳይጠይቃቸው ጀመሩ። የሚነግሩት ለእሱ ሳይሆን ለግድግዳው ይመስል ነበር፤ አንዳንዴ ድምፃቸው ስለሚጠፋበት ጎንበስ ብሎ አዳመጠ።

«ግንቡ ሲሠራ ከየቤቱ ሰው ተለቅሞ መጣ። እኔና ባሌ ከተጋባን ዓመት አልሞላንም፤ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። እሱ ጭቃውን በጠፍጣፋ መምቻ የሚመታ ነበር፤ ጡቡ አየር እንዳይዝ በደንብ መመታት አለበት። እኔ ጭቃ እሸከም ነበር። ከጭቃው ጉድጓድ እስከ እቶኑ መቶ ሃያ እርምጃ ነው። ቆጥሬዋለሁ። በቀን ስንቴ እንደምመላለስ ነው ያልቆጠርኩት።

«ሻለቃው የዘገየ ሰው አይወድም። መጀመሪያ ያስገርፍ ነበር። የተገረፈ ሰው ግን ሥራ አይሠራም፣ ይተኛል። ስለዚህ ሌላ አመጣ። የዘገየ ሰው ከጉድጓዱ እስከ እቶኑ ይሮጣል፤ ዘቦቹ ግራና ቀኝ ቆመው ጭቃ ድቡልቡል አድርገው ይወረውሩበታል። ፀሐይ የመታው ጭቃ፣ ግማሹ የደረቀ። እቶኑ ጋ ከደረስክ ግን ይተውሃል። ለምን ብትል፣ የእቶኑ ጌታ አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ ወደ እቶኔ አንድ ነገር የወረወረ እንደሆነ ስንጥቅ ይገባበታል፣ የወሩ ጡብ ይበላሻል፣ ለገዥው እኔ እናገራለሁ አሉ። ሻለቃው እሳቸውን ብቻ ይፈራ ነበር። ስለዚህ እቶኑን የነካ ዳነ።»

ንፋሱ ባቄላውን እንደያዘ ቀረ።

«አንድ ቀን ዘገየሁ። ሆዴ ውስጥ ልጅ ነበር፤ ይህችው ትናንት ያየሃት። ጠዋት ጠዋት ያስመልሰኝ ነበር። ሩጪ አሉኝ፤ ሮጥኩ። የመጀመሪያው ሳተኝ። ሁለተኛው ትከሻዬን፣ ሦስተኛው ወገቤን አገኘኝና ተንበረከክሁ። አራተኛው ሲመጣ አየሁት። በቀጥታ ወደ ፊቴ ነው የሚመጣው። ያኔ ባሌ ከሥራው ተነሥቶ ሮጦ መጥቷል። መምቻውን እንደያዘ በፊቴ ቆመና መታው። ጭቃው በዘቦቹ አናት ላይ በረረ፤ ከደረቁት ጡቦች ወዲያ ሄዶ ወደቀ። ሁሉ ሰው ዝም አለ። እሱንም እኔንም የሚገድሉን መስሎኝ ነበር። እየዳህኩ እቶኑ ጋ ደረስኩ።»

«ከዚያስ?» አለ ንፋሱ፤ ምን እንደሚመጣ ግን ያውቅ ነበር።

«ከዚያማ ሻለቃው ሳቀ። ሆዱን ይዞ ሳቀ። ድገመው አለው።»

ንፋሱ ይህን ታሪክ ያውቀዋል። አባቱ ቤት እንግዳ በመጣ ቁጥር ይነገር ነበር። አባቱ ከመቀመጫው ይነሣል፤ የምድጃ መቆስቆሻውን በሁለት እጁ ይይዛል፤ ሞኙ ጡብ ሠሪ እንዴት ዘሎ እንደመጣ፣ ጭቃው በዘቦቹ አናት ላይ እንዴት እንደበረረ፣ አያትዬው እንዴት ከፈረስ ሊወድቁ እስኪደርሱ እንደሳቁ እየተንቀሳቀሰ ያሳያል። ልጆቹ መሬት ላይ እየተንከባለሉ ይስቃሉ። እንዲህ ነው ጨዋታው የተጀመረው፣ አያታችሁ ነው የጀመሩት፣ ይላል አባቱ ሲጨርስ። በአባቱ ታሪክ ውስጥ ግን ሴት አልነበረችም። ጡብ ሠሪው ለምን ዘሎ እንደመጣ ጠይቆ የሚያውቅ የለም፤ ሞኝ ስለሆነ ነው።

«ከዚያ ቀን ጀምሮ የየዕለቱ መዝናኛ ሆነ» አሉ አሮጊቷ። «ባሌ ይመታል፤ ሌላው ይሮጣል፤ ዘቦቹ ይወረውራሉ። የዘገየ ቢኖርም ባይኖርም። ሃያ ቀን ያህል ሆነ። ከዚያ አንዱ ዘብ እቶኑ አመድ ውስጥ የወደቀ የበሰለ ድቡልቡል አንሥቶ ወረወረ። ያልበሰለ መስሎት ይሁን አውቆ፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ባሌን ጆሮ ግንዱ ላይ አገኘው። በሦስተኛው ቀን ሞተ።»

ጋሪ ነጂዎቹ ከኋላቸው ይሳሳቃሉ። ንፋሱ ዝም እንዲሉ ሊነግራቸው ፈለገ፤ ግን ምን ብሎ።

«ያን ያህል ያልቻልኩት ሞቱን አይደለም» አሉ አሮጊቷ። «ከተቀበረ ሰባት ቀን ሳይሞላው በዕረፍት ቀን ወደ ጉድጓዱ ወረድኩ፤ መምቻውን ላመጣ፣ የሱ ስለሆነ። የራሳችን ሰዎች ናቸው። ጨርቅ ጠቅልለው፣ የሱን መምቻ ይዘው ይጫወታሉ። ዘብ የለ፣ ሻለቃ የለ። ያንኑ መቶ ሃያ እርምጃ እየሳቁ ይሮጡበታል። እቶኑን እየነኩ ይጮኻሉ። በዚያው ቀን ወጥቼ ሄድኩ። ወደዚያች ከተማ ተመልሼ አላየኋትም። ለምን ይስቁ እንደነበር ስድሳ አምስት ዓመት አስቤበት አልገባኝም።»

ንፋሱ ባቄላውን ወደ ስንቅ መያዣው መለሰ።

«እማማ» አለ፤ «ሻለቃው አያቴ ነበሩ።»

አሮጊቷ ከግድግዳው ዞረው ፊቱን ለረጅም ጊዜ አዩት። የሚፈልጉትን አገኙት አላገኙት ሊያውቅ አልቻለም።

«ታዲያ እኔን እንድታመጣ የላኩህ ሌላ ሰው አጥተው ነው?»

«መንገዱን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።»

«ነበሩ ትላለህ» አሉ። «እኔ ነበረ እላለሁ።»

«አያት ናቸው። አፌ ለምዶት ነው።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። መቆጣት ይሁን መስማማት፣ ድካም ብቻ ይሁን፣ አልለየውም።

«እንግዲያው እዚሁ እንደር» አሉ። «አንተም ደክሞሃል፣ እኔም ደክሞኛል። ነገ ከሰዓት ስንደርስ ነገሩ አልቆ ይቆየናል። ሜዳውን የወሰደ ይውሰደው። እኔ ፊታቸው ቆሜ ያንን እንደገና ላወራ? ለአንድ ሰው ማውራቴ በዝቶብኛል።»

ንፋሱ ቀና አለ። የቀረው እሺ ማለት ብቻ ነበር። ማንንም አልዋሸም፣ ማንንም አላስገደደም፤ ምስክሯ ራሳቸው ደከመኝ አሉ። የዳሱ ግድግዳ ለጀርባው ቀዝቃዛና ምቹ ነበር። ወንበሩ ደግሞ ትራሱ ሳይቀር ታየው።

«ብዘገይ የሚሰጡኝ ወንበር አለ» አለ ድንገት። ለምን እንደነገራቸው አያውቅም።

«የምን ወንበር?»

«የበር ጠባቂ ወንበር። ጥላ ላይ ነው። ቁጭ ብሎ መዋል ብቻ ነው።»

«ጥሩ ወንበር ነው?»

«ጥሩ ነው። አይቼዋለሁ።»

«ታዲያ ምን ትፈልጋለህ?»

ንፋሱ ጉልበቱን እያሸ ቆየ። «ያንን ታሪክ ለልጆቼ ነግሬያቸዋለሁ» አለ። «እንደ አባቴ ተነሥቼ፣ ዱላ ይዤ፣ እያሳየሁ። ሲስቁ እኔም እስቅ ነበር። እርስዎ መሬት ላይ እንደተንበረከኩ አላውቅም ነበር። ነገ እርስዎ ከሌሉ በችሎቱ መዝገብ የሚጻፈው ያ ነው፤ አያቴ ጀመሩት ተብሎ። ያለን ወረቀት እሱ ብቻ ይሆናል። እርስዎ ካሉ ግን ባለቤትዎን ይጽፏቸዋል።»

«በስሙ?»

«በስማቸው። ምስክር የጠራው ስም ይጻፋል፤ ሕግ ነው።»

አሮጊቷ ጭናቸው ላይ የቀረውን ዳቦ አንሥተው እያዩት ቆዩ። ከዚያ በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት፤ ግድግዳውን ተደግፈው፣ ማንም ሳይረዳቸው ተነሡ።

«ስሙን ድምፅ አውጥቼ ከጠራሁት ብዙ ዘመን ሆነ» አሉ። «በል በቅሎዋን አምጣት።»

ከሰዓት በኋላው ረጅም ነበር። ፀሐይዋ ፊት ለፊት ገጠመቻቸው። ንፋሱ በየመቶ እርምጃው ይቆማል፤ ከዚያ በየሃምሳው ሆነ። ከተማው በሩቁ ሲታይ ጉልበቱ ጨርሶ አልታጠፍ አለውና መንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

«አውርደኝ» አሉ አሮጊቷ።

«ምን ሊያደርጉ?»

«እግሬ ደንዝዟል፤ ላፍታታው። አንተ ውጣ።»

«እማማ፣ የችሎት መልእክተኛ ምስክሩን በእግር እያስኬደ በበቅሎ ሲገባ ታይቶ አያውቅም።»

«ቁጭ ብሎ ምስክር ሲያደርስስ ታይቶ ያውቃል? ውጣ ብያለሁ።»

እንዲህ ሆኖ ሲመሽ ከተማው በር ደረሱ። ሰማንያ ሁለት ዓመት የሞላቸው ሴት ልጓሙን ይዘው እያዘገሙ ከፊት፤ የመዳብ ምልክት ያደረገው ሰውዬ ግራ እንደተጋባ እንግዳ በበቅሎ ከኋላ። የበሩ ዘቦች ተሳሳቁ። በበሩ ሊወጣ የነበረው የግቢው አዛዥ ግን አልሳቀም። አሮጊቷን አየ፤ ንፋሱን አየ፤ መንገዱን ቀየረና ወደ ውስጥ ተመለሰ።

በማግስቱ ችሎቱ ጢም ብሎ ሞላ። ጡብ ሠሪዎቹ በቀኝ፣ የግቢው ሰዎች በግራ ቆሙ። በግራ በኩል ከቆሙት አንዱ የንፋሱ ታላቅ ወንድም ነበር፤ የግቢው ግምጃ ቤት ኃላፊ። አሮጊቷ ወንበር ሲሰጣቸው አልቀመጥም ብለው ቆመው ተናገሩ። ለንፋሱ ከነገሩት ባጭሩ፣ ደረቅ አድርገው ነገሩት። የባላቸውን ስም ሲጠሩ ድምፃቸው ተሰበረ፤ ጸሐፊው አልሰማሁም ስላለ ሁለተኛ ጊዜ ጠሩት፤ ያኔ ከበር ማዶ የቆሙት ሁሉ ሰሙት።

የግቢው ጠበቃ በትሕትና ተነሣ። «እናታችን ዕድሜ ጠግበዋል» አለ። «ስድሳ አምስት ዓመት ብዙ ነው። ሐዘን ደግሞ ነገር ያቀያይራል። የሚሉትን የሚያጸና ሌላ ሰው አለ?»

ሌላ ሰው እንደሌለ ሁሉም ያውቃል።

ዳኛው የማይሰማውን ጆሯቸውን ወደ ጠበቃው፣ የሚሰማውን ወደ በሩ አደረጉ። በሩ አጠገብ ንፋሱ ዱላውን ተደግፎ ቆሟል።

«አንተ የሻለቃው የልጅ ልጅ ነህ» አሉት። «በቤታችሁ ስለዚህ ነገር ምን ይባል ነበር?»

የወንድሙ ዓይን ጎኑን ሲያቃጥለው ተሰማው።

«ጌታዬ» አለ፤ «በቤታችን ይህ ነገር ቀልድ ነበር። አንድ ጡብ ሠሪ ዘሎ ገብቶ የተወረወረውን ጭቃ በመምቻው እንደመታው፣ በዘቦቹ አናት ላይ እንደበረረ፣ አያቴም ስቀው ድገመው እንዳሉት አባቴ ይነግረን ነበር። እናታችን የተናገሩት ያንኑ ነው። አንድም ቃል አልተለየም። ልዩነቱ እኛ የሚወረወርበትን ሰው አናውቅም ነበር።»

«የወታደር ማሠልጠኛ ይባል ነበር?»

«አንድም ቀን። ስለ ወታደር የሰማሁት በዚህ ዓመት ነው።» ትንሽ ቆመ። «ሰዎቹን ያስሮጣቸው የነበረው እሱ...» ብሎ ጀመረ። ቃሉ አፉ ውስጥ ተገለበጠበት። እንደገና ሞከረ፤ አልሆነለትም። «ያስሮጧቸው የነበሩት እሳቸው ናቸው» አለ በመጨረሻ፤ አንገቱን ደፋ።

ዳኛው ለጸሐፊው ቀስ ብለው አስጻፉት። ጨዋታውን ማን እንደጀመረው ችሎቱ ሊለይ አልቻለም፤ የወረወረው ይሁን፣ የመታው ይሁን፣ የሮጠችው ትሁን፣ ወይስ በኋላ ስቀው የተጫወቱት፣ ይህን የሚያውቅ የለም። የት እንደተጀመረ ግን ታውቋል፤ በጭቃው ጉድጓድና በእቶኑ መካከል በጡብ ሠሪዎቹ መሬት ላይ ነው። ሜዳው የእነሱ ነው። የመቺው ስምም ከዚህ በታች ተጽፏል።

ጡብ ሠሪዎቹ ደስታቸውን ውጭ ሲወጡ ነው የገለጹት። ንፋሱ በሩን ተደግፎ ሕዝቡ እስኪወጣ ጠበቀ። ወንድሙ በፊቱ ሲያልፍ ቆም አለ።

«አባታችን በሕይወት ቢኖር ኖሮ» አለና ሳይጨርሰው ሄደ። ከዚያ ቀን በኋላ ለሠርግም ለሐዘንም ቤቱ አልጠራውም። የውስጠኛው በር ወንበርም በወሩ መጨረሻ ለሌላ ሰው ተሰጠ፤ ንፋሱ ሁለት ዓመት ተጨማሪ መንገድ ሄደ።

አሮጊቷን በማግስቱ ማለዳ ይዟቸው ወጣ። ጡብ ሠሪዎቹ ሁለተኛ በቅሎ ስላዋሱት በዚህ ጉዞ ሁለቱም ተቀምጠዋል። ከመውጣታቸው በፊት የሰፈሩ ሽማግሌዎች መጥተው፣ ሜዳው ላይ ጨዋታ እንዲያዩ፣ የመጀመሪያውንም ኳስ እንዲወረውሩ ለምነዋቸው ነበር። አሮጊቷ አመስግነው እምቢ አሉ። መወርወር አልወድም ብቻ ነው ያሉት።

ግማሽ ቀን ያህል ሄዱ። ዳገቱ ላይ በቅሎዎቹ ሲያዘግሙ አሮጊቷ ከጎኑ ሆኑ።

«ጥሩ ሯጭ ነበርክ አሉ፤ ዘቦቹ ሲቀልዱብህ ሰማሁ።»

«ነበርኩ። ድሮ።»

«ስትሮጥ ምን ይሰማህ ነበር?»

ንፋሱ ማንም ጠይቆት የማያውቀውን ነገር አሰበበት። ቀልድ ሊመልስ ነበር፤ ከዚያ ተወው።

«ፍርሃት» አለ። «ጨዋታ ነው፣ ኳሷም ጨርቅ ናት፤ ግን ከኋላዬ ስትመጣ ጀርባዬ ይጨማደድ ነበር። ከዚያ እግሬ ድንጋዩን ሲረግጥ...» የሚለው ቃል ጠፋበት። «አሁን ማንም አይነካኝም እላለሁ። በዓለም ላይ ማንም አይነካኝም። ለዚያ ይመስለኛል የምስቀው።»

በቅሎዋ ራሷን እየነቀነቀች ዳገቱን ጨረሰች። አናቱ ላይ ሲደርሱ አሮጊቷ ነጠላቸውን ከፊታቸው ገለጥ አደረጉ።

«እኔም እቶኑን በእጄ ስነካው እንደዚያው ነበር ያልኩት» አሉ። «እጄ ተቃጥሎ ነበር። አላነሣሁትም።»

ቁልቁለቱን ቀስ ብለው ወረዱ። እስከ ልጃቸው ቤት ገና የአንድ ቀን ተኩል መንገድ ይቀራቸው ነበር።